ከዲንሾ እስከ ሪራ፦ የፈረስ ጉዞው አገልግሎትና የመጨረሻው ቀን

ባለፈው ኅዳር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከዲንሾ ተነሥተን፣ በወብ ሸለቆና በሳነቴ አምባ አድርገን እስከ ሪራ ድረስ አምስት ቀን ተጉዘናል። ስለ ፓርኩ ውበት ብዙ ተብሏል፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የሚጽፍለት በዝቷል። እኔ መመዘን የፈለግሁት አስጎብኚና ፈረስ ጫኝ ይዞ የመጓዙን አገልግሎት፣ በተለይም ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረውን የስንብቱን ቀን ነው።

አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ፈረስ ጫኝና ሦስት ፈረሶች ተመደቡልን። ሁለቱን እኛ ተቀመጥንባቸው፤ ሦስተኛው ድንኳኑንና ስንቁን ተሸከመ። ኮርቻው ደረቅ ስለሆነ የታጠፈ ብርድ ልብስ ሳይደርቡ መቀመጥ አይመከርም፤ ምግብንም ራስ ይዞ መሄድ ይሻላል። አስጎብኚው ግን ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው፤ እርሱም በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከድንጋይ ኋላ በደረታችን አስተኝቶን፣ አንዱ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አሳየን። ባይታይ ኖሮ እንኳ ቅር አይለኝም ነበር፤ አስጎብኚው አስቀድሞ «አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል አልገባልንምና።

ፈረስ ጫኙ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ይመስለኛል። እርሳቸው አማርኛ እምብዛም፣ እኛ ደግሞ ኦሮምኛ ጨርሶ ስለማንችል «ኦቦ» እያልን ከመጥራት ያለፈ ጨዋታ አልነበረንም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚገኘው በሳነቴ ባደርንበት ሌሊት ጀሪካን ውስጥ የነበረው ውኃ በረዶ ሆኖ አደረ፤ ጓደኛዬም ከፍታው ራስ ምታት አስነሥቶበት እህል አልቀምስም አለ። ኦቦ ከጋቢያቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ጩኮ አወጡ። የገብሱ ዱቄትና ቅቤው በገላቸው ሙቀት ለስልሶ ነበር። በቢላዋ ቆርሰው መጀመሪያ ለታመመው፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡንና ጨርቁ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እርሳቸው ለቀሙት። ከዚያች ጠዋት በኋላ ቋንቋ አላስቸገረንም።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ያደነቅሁት የሒሳቡን አፈጻጸም ነው። በዋዜማው ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አስጎብኚው የእያንዳንዱን ቀን ክፍያ፣ የፈረሶቹን ኪራይና ፈረሶቹ ወደ ዲንሾ የሚመለሱባቸውን ቀናት ጭምር በወረቀት ጽፎ አሳየን። ጉርሻውንም በእርሱ በኩል ሳይሆን ለኦቦ በእጃቸው እንድንሰጥ ነገረን። ለምን ዛሬውኑ እንደሆነ ስጠይቀው «ነገ ስንለያይ ብር መሃላችን እንዳይገባ ነው» አለኝ። ከዚህ በፊት አንድ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ግማሽ ቀን እንደ ወንድማማች ተጫውተን፣ ወደብ ላይ በተነሣ የሒሳብ ክርክር ተኮራርፈን ስለተለያየን፣ የዚህ ሥርዓት ዋጋ ወዲያው ነው የገባኝ።

ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሐረና ጫካ ጫፍ ላይ ወዳለችው ሪራ ስንደርስ ከመሰነባበት በቀር የቀረን ጉዳይ አልነበረም። በአንድ ቤት የጫካ ቡና ተፈላልን፤ የጫካውም ማር ቀረበ። ኦቦ የጭነቱን ጠፍር ፈትተው ከጨረሱ በኋላ እኔ ስቀመጥበት የነበረውን ዳማ ፈረስ ስበው አመጡና ኪሴን በጣታቸው ጠቆሙኝ። ለካ በመንገድ ላይ ከኪሴ ቆሎ እያወጣሁ ስሰጠው ሲያዩኝ ኖረዋል። የቀረችውን አንድ እፍኝ ከመዳፌ ላይ ለቃቅሞ እስኪጨርስ ልጓሙን ይዘው ጠበቁልኝ።

ቅሬታዬ በመኪናው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተከራየነው መኪና በ6 ሰዓት እንዲደርስ ተስማምተን ሳለ በ3 ሰዓት መጣ፤ ሾፌሩም ሞተሩን ሳያጠፋ ጡሩምባ እየነፋ ለሚጠብቅበት ሰዓት ተጨማሪ እንደሚያስከፍለን ነገረን። ቀድሞ የመጣው እርሱ ሆኖ ሳለ ተጣዳፊ ያደረገው እኛን ነው። አቦልና ቶናውን ጠጥተን በረካ ሳይደርስ ተነሣን፤ ቡና ያፈሉልን እናትም «በረካ ሳይጠጣ እንዴት ይኬዳል!» ብለው ተቆጡን። እውነታቸውን ነው። ከኦቦ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን «ነጋን ገላ» ሲሉን፣ በሰላም ግቡ ማለታቸው እንደሆነ አስጎብኚው የተረጎመልን በመኪናው መስኮት በኩል ነው።

በዚህ መንገድ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ አስጎብኚውንና ፈረሱን ያለ ስጋት እንድትይዙ እመክራለሁ። መኪናውን ግን ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ ቅጠሩት፤ የሚያስከፍለው ከሆነም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ። አጥብቀን ሳንዋዋል በመቅረታችን ጥፋቱ ከፊሉ የእኛ ነው።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ማታ በአስጎብኚው ስልክ ተደወለልኝ። የተናገሩት ኦቦ ነበሩ፤ በዚያች በጥቂቷ አማርኛቸው «ፈረስ ገባ፤ እናንተስ ገባችሁ?» አሉኝ።