ወንበር 14፣ መስኮት ዳር

ደሴ እናቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር ትኬት የሚቆርጥልኝ ሰው እየለመንኩ ኖሬያለሁ። ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒውተር የምጠቀመው ኤንቪዲኤ በተባለው ስክሪን ሪደር ነው። በነጻ የሚወርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውም ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው። ገጹን በድምፅ ያነብልኛል፣ እኔ በኪቦርድ አዘዋለሁ። «ቢ» የምትለዋን ፊደል ስጫን ገጹ ላይ ከአንዱ በተን፣ ማለትም ከሚጫኑት ምልክት፣ ወደ ሌላው ይወስደኛል።

አምና የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ወንበር ልመርጥ ገባሁ። የሰማሁት «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ነው። ከ40 ጊዜ በላይ! የቱ መስኮት ዳር ነው፣ የቱ ተይዟል፣ የሚነግረኝ የለም። ለሚያይ ሰው በቀለም ተለይቷል አሉኝ። የጎረቤት ልጅ ጠርቼ አስቆረጥኩ። ክፍያው ላይ ሲደርስ የሚስጥር ቁጥሬን ነገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን የሚስጥር ቁጥር ለጨዋም አይነገርም።

ሰሞኑን ገጹ ታድሷል ሲሉኝ ሞከርኩት። «ቢ»ን ተጫንኩ። «ወንበር 14፣ መስኮት ዳር፣ ያልተያዘ» አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ። «ወንበር 15፣ መተላለፊያ በኩል፣ ተይዟል።» እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ትንሽ ዝም አልኩ።

ለባለሙያ ይህ ትልቅ ሥራ አይደለም። ለእያንዳንዱ በተን ኮዱ ውስጥ ስም መስጠት ነው። ሌላም አስተካክለዋል፤ የገጹ ቋንቋ ድሮ እንግሊዝኛ ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር ፊደላችንን የእንግሊዝኛው ድምፅ ሊያነበው ይታገል ነበር። አሁን አማርኛ ተብሏል፣ በአማርኛው ድምፅ ይነበባል። ድምፁ የማሽን ነው። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፋችን ስለማይታይም የበዓሉን ገና «ገና ነኝ» ከምንለው አይለየውም። እሱ ግን የድርጅቱ ጥፋት አይደለም።

የሚስጥር ቁጥሬን ራሴ አስገባሁ። የትኬቱ መልእክት ሲገባልኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ማን ቆረጠልሽ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷቸዋል። የመረጥነው ወንበር የሚቆየው 10 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ይቆጥራል፣ ስክሪን ሪደሩ ግን አያነበውም። መጀመሪያ ስሞክር ስሜንና ስልኬን እየሞላሁ ሳለ አለቀብኝ፤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። 2 ደቂቃ ሲቀር በድምፅ ይነገረን፣ ጊዜ መጨመሪያ በተንም ይኑር። እስከዚያው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ።