የአሮጌው ላንድክሩዘሬ አዲሱ ጋዝ፦ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ወረፋ ላይ ይሞቃል

ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ስነዳ ኤሲው ጋቢ ያስደርባል። ነዳጅ ወረፋ ላይ ስቆም ግን ብዙም ሳይቆይ ሙቅ አየር ይተፋል። የኤሲውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ካስቀየርኩ ወራት አልፈዋል፤ ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1988 ሞዴል ነው። ኤሲው የተሠራው ለአር-12 ነበር። ያ ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ተደርጓል፤ ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው ቀነ ገደብም እ.ኤ.አ. በ2010 አልቋል። ስለዚህ ወደ አር-134ኤ ማዞር ግድ ሆነ። ሥራው ራሱ ንጹህ ነው። የድሮው የኮምፕሬሰር ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ ወጥቶ በኤስተር ዘይት ተተካ። እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርና የጎማ ማሸጊያዎቹ ተቀየሩ። እስካሁን ጋዝ አላፈሰሰም።

ጠቤ «ጋዝና ዘይት ከቀየርክ አለቀ» ብለው ከሚሸጡት ጋር ነው። አላለቀም! አር-134ኤ ሲሞቅ ግፊቱ ከአር-12 ይበልጣል። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ የድሮው 15 ባር አካባቢ ሲሆን አዲሱ ወደ 17 ይጠጋል። ሙቀቱን የሚያስወጣው ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ነው። የኔው የድሮው ዓይነት ነው፤ አንድ ረጅም ቱቦ እየተጠማዘዘ የሚሄድበት። ስነዳ ነፋሱ ያግዘዋል። ቆሜ ሞተሩ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ግን ፋኑ የሚስበው አየር አይበቃውም።

«ጋዝ ጎድሏል፣ እንጨምርልህ» አሉኝ መካኒኮቹ። ምን ተብሎ ነው የሚጨመረው? አዲሱ ጋዝ የሚሞላው ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሲበዛ ግፊቱ ይብስበታል። ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ። የግፊት መለኪያ ጌጁን ገጠመ፣ ሞተሩ እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋበት። የከፍተኛው ግፊት ቀስት ወዲያው ወረደ። እጄን አየር መውጫው ላይ አድርጌ ነበር፤ ቅዝቃዜው ተመለሰ። ችግሩ ኮንደንሰሩ ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከኮንደንሰሩ ፊት የኤሌክትሪክ ፋን አስጨመርኩ። ጠዋትና ማታ አሁን ምንም አይልም። በሚያዝያ ቀትር ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባጃጅ መሃል ስቆም ግን አሁንም ያልበኛል።

ማዞሩ አይቆጨኝም። አር-12 ነው ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጣሳ ከመግዛት ይሻላል። የሚያንገበግበኝ ኮንደንሰሩ አብሮ አለመቀየሩ ነው። ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበትን አዲሱን ዓይነት አሁን አዝዣለሁ። እሱን ለመግጠም ሲስተሙ እንደገና ይከፈታል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ድራየሩ ይቀየራል፣ ውስጡን አየር መጥጦ ለማውጣት የቫኪዩሙም ሥራ ዳግም ይከፈልበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነበር። መጀመሪያ ቢነግሩኝ የኮንደንሰሩን ዋጋ ሳላቅማማ እከፍል ነበር።