የተላጠ ቀለም በሞዴል ተዋጊ አውሮፕላን ላይ፦ ስፖንጅ ወይስ የፀጉር ስፕሬይ?

ተዋጊ አውሮፕላን ቶሎ ከሚላጥባቸው ቦታዎች አንዱ ፓይለቱና መካኒኮቹ የሚረግጡት የክንፉ ሥር፣ ማለትም ክንፉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። በ1/48 ሞዴል (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) ላይ ይህን ለማሳየት የምጠቀመው በሁለት መንገድ ነው።

ስፖንጁ ቀላል ነው። ቁራሽ ስፖንጅ ከቀለሙ ሥር ያለውን ብረት የሚመስል ብርማ ቀለም ታስነካለህ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ትጠርጋለህ፣ በቀረችው ጠርዙን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለህ። ችግሩ ቀለሙ ከላይ የተጨመረ መሆኑ ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው ልጣጭ ሳይሆን ነጠብጣብ ይመስላል።

የፀጉር ስፕሬዩ ግን እውነተኛውን መላጥ ይከተላል። መጀመሪያ ብርማው ቀለም ይቀባና በቫርኒሽ ይሸፈናል፤ ከዚያ ስፕሬዩ፣ በላዩ ስስ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም)፣ ይኸውም የአውሮፕላኑ የላይ ቀለም። ሲደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ቀስ እያልክ ስታሸው ውሃው ወደ ስፕሬዩ ሰርጎ ያሟሟዋል፤ ቀለሙም ጠርዙ እንደተቆራረጠ ይነሳል። አክሪሊኩን ካወፈርከው ወይ አልነሳም ይላል፣ ወይ ትልቅ ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግማሽ ክንፍ እንዲህ ሄዶብኛል!

ለክንፉ ሥር ስፕሬዩን እመርጣለሁ፤ ለትንንሽ ክዳኖች ዳር ስፖንጁ ይበቃል። የሀሪኬን (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን) የኋላ አካል ላይ ግን ሁለቱንም ተዋቸው፤ የተሸፈነው በጨርቅ ስለሆነ ብርማ ብረት የሚታይበት ምክንያት የለም።