ጅማ ላይ ቬሎ ለማሰፋት ላሰባችሁ

ለእህቴ የጥር ሠርግ ከቶሮንቶ ጅማ ገብቼ ነበር። ስለ አዳራሹና ስለ ፎቶግራፈሩ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጅሬን ወጥተን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የተነሳነው ፎቶም አምሮብናል። መጻፍ የፈለግሁት ቬሎውን ስለሠራችው ዲዛይነር ነው። የምወቅሳትም ነገር ስላለ ስሟን አልጠራም።

ሱቋ መርካቶ አካባቢ ነው፤ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። እህቴ ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አውጥታ ከኢንስታግራም የለቀመቻቸውን ፎቶዎች ደረደረች። ዲዛይነሯ አንድ ሁለቱን አየችና ስልኩን መለሰችላት። «ይቆዩን። መጀመሪያ የዛን ቀን ምን ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ።»

ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ቤተ ክርስቲያን ነው? ካባ ይደረባል? ጉልበት የሚሳመው ብዙ ሰው ነው? እስክስታ ትወርጃለሽ ወይስ ቆመሽ ታጨበጭቢያለሽ? እናቴ ሳቀች። «እሷ? ዘፋኙ እስኪደክመው ነው የምትወርደው!»

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ካባ ከተደረበ የጀርባና የትከሻ ጥልፍ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ጥልፉን ወደ ፊት አመጣችው። ከአንገት እስከ እግር አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ የቀረው እጅጌው ጫፍ ላይ። ለምን እጅጌ? «ይቺ ልጅ በእጇ ነው የምታወራው» አለች። እውነቷን ነው። እህቴ እጇን ብትታሰር ቃል አይወጣትም።

እህቴ የቡና ፍሬ እንዲጠለፍላት ጠይቃ ነበር። «ጅማ የሚያገባ ሁሉ ቡና ይላል። ቡና ነጋዴ ነሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። በምትኩ እናቴ ያስቀመጠችውን የመልስ ቀሚሷን አስመጣችና ከጥለቱ ላይ አረንጓዴውንና ወርቃማውን ወሰደች።

ጨርቁ ሸማ ነው። አክስቴ «ሳቲን ያልሆነ ምን ቬሎ ነው» ብላ አኩርፋ ነበር። ፈረንጅ አገር ነጭ ቬሎ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያ ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። እኛ ነጭ ሸማ ለብሰን ለመዳር እሷን አልጠበቅንም። ችግሩ ሸማ ከሸማኔው እጅ ጠበብ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ለሰፊ ጉርድ ብዙ ቦታ መገጣጠም አለበት። ዲዛይነሯ መገጣጠሚያዎቹን ልደብቅ አላለችም። በላያቸው ቀጭን ጥልፍ አስኬደችባቸውና ራሳቸው ንድፍ ሆኑ።

ሸማውን ከመቁረጧ በፊት ሙሉውን ቀሚስ በአቡጀዲ ሰፋችው። ፕሮቫው ላይ እህቴን አስቀመጠቻት፣ አስነሳቻት፣ ከዚያ «እስቲ የእናትሽን ጉልበት ሳሚ» አለቻት። እህቴ ስታጎነብስ ብብቷ ስር ያዛት። ዲዛይነሯ እዚያው በሳሙና ቁራጭ ምልክት አደረገችና ብብቱ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ጨመረችበት። ለእስክስታውም የጠቀመው ያ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ጥልፉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ታችኛውን ጫፍ ሳታጥፍ ቀሚሱን ሰቅላ አሳደረችው። ሸማ ላላ ያለ ስለሆነ በጥልፉ ክብደት ይወርዳል፤ ወርዶ ሲጨርስ ነው ያጠፈችው። ከቶሮንቶ ተሸክሜ ያመጣሁትን ዳንቴል «ይከብደዋል» ብላ ከቀሚሱ አስወጣችው። የዓይነ ርግቡ ጫፍ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወቀሳው። ቀጠሮ አታከብርም። «ነገ ኑ» ካለች ከነገ ወዲያ ማለቷ ነው፤ ስልክም አታነሳም። ዚፑ የተሰፋው በሠርጉ ዋዜማ፣ መብራት ጠፍቶ፣ እናቴ የስልክ ባትሪ እያበራችላት ነው። የመብራቱ የሷ ጥፋት አይደለም፤ እስከ ዋዜማ ማቆየቷ ግን የሷ ነው። ቀብድ ግማሹን ትቀበላለች፣ ደረሰኝ የላትም። በቴሌብር መክፈላችን በጀን። የሚዜዎቹን ቀሚስ ደግሞ ለሌላ ሰፊ አሳልፋ ሰጥታው የአንዱ ቀለም ከሌላው ሳይገጥም መጣ። ሚዜዎቹ እስካሁን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አልለጠፉም።

ዋጋዋም ርካሽ አይደለም። ለአንድ ቀን ነው የሚል ሰው ቢከራይ ይሻለዋል፣ አልፈርድበትም። እሷ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ግን ቬሎውን ብቻ ስጧት፣ የሚዜዎቹን ሌላ ቦታ አሰፉ። የሠርጉንም ቀን በአንድ ሳምንት አቅርባችሁ ንገሯት።