የልምምዱ አበባ «ምርቃት ነው» ሲሏችሁ

ሰርግ የምትደግሱ፣ ወይም እንደ እኔ የእህታችሁ ሰርግ ሩጫ የወደቀባችሁ ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

እኛ የተሸወድነው በአንዲት ቃል ነው። አበባ አቅራቢው የሰርጉን ዋጋ ሲነግረን ፊታችን ጠቆረ። ያን አይቶ መሰለኝ «የልምምዱን አበባ ምርቃት አደርግላችኋለሁ» አለ። ልምምዱ፣ ማለትም የሰርጉን አረማመድ አስቀድመን የምንሞክርበት፣ ከሰርጉ አንድ ቀን ቀድሞ ነበር። ለሙሽራዋ አንድ እቅፍ፣ ለሚዜዎቹ አራት፣ ለጠረጴዛ ስድስት። ደስ ብሎን ፈረምን። ውሉ ላይ የሰፈረው «ሙሉ የአበባ ዝግጅት፣ ለልምምድና ለሰርግ» የሚል ብቻ ነው። ስንት ዘንግ፣ ምን ዓይነት፣ ምንም የለም።

የልምምዱ አበባ አላማረም አልልም። እህቴ እቅፏን ይዛ ወዲያ ወዲህ ስትል አንዷ ነጭ ጽጌረዳ ቅጠሏ ዳሩ ላይ ተሰንጥቆ አየች። «ይቺ ለነገ አትሆንም» ብላ ሳቀች፤ እኔም ፎቶ አነሳኋት። ማታ ሠራተኞቹ መጥተው ሁሉንም ሰበሰቡ። ማስቀመጫዎቹን ሊወስዱ ነው ብለን ዝም አልን።

በማግስቱ ጠዋት የሰርጉ እቅፍ መጣ። ሪባኑ ተቀይሯል። ያቺ የተሰነጠቀች ጽጌረዳ ግን መሃል ላይ ቁጭ ብላለች።

ሰውየውን ስጠይቀው «አበባ እኮ ያው አበባ ነው፣ ማን ያያል?» አለኝ።

የተቆረጠ አበባ ያለ ውሃ በቆየ ቁጥር አየር ዘንጉ ውስጥ ይገባና ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። የልምምድ እቅፍ ደግሞ ለሰዓታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው የሚውለው። ካርኔሽን የሚባለው አበባ ይችለዋል። ጽጌረዳም ትንሽ ትታገሳለች። ሃይድራንጃ ግን ወዲያው አንገቱን ይደፋል፤ የእኛ እቅፍ ግማሹ ሃይድራንጃ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ላይ የነበረው ደግሞ የባሰ ነው። ዘንጉ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ አንዴ ከደረቀ ሁለተኛ ውሃ በደንብ አይጠጣም። አንዱን ነቅለው ሌላውን ሲሰኩበትም ቀዳዳው ይሰፋና ዘንጉ ውሃ ሳይነካ ይንጠለጠላል። ከሰዓት በኋላ አንዱን በጣቴ ጫን ባደርገው ተፈረፈረ። ላዩ ላይ ብቻ ውሃ ረጭተውበታል።

ጽጌረዳ ስትረከቡ ጭንቅላቷን ከሥሩ፣ ከዘንጉ ጋር የምትገናኝበት ጋ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ ልል ካለ ሰንብቷል። የውጪዎቹ ቅጠሎች ትንሽ ስለጠቆሩ ብቻ ግን ከሰው አትጣሉ። እነሱ እምቡጡን የሚጠብቁ ናቸው፤ ሲዘጋጅ ይነሳሉ።

አበባውን ለሁለቱም ቀን መጠቀም በራሱ ነውር አይደለም። ነግረውን፣ ማታ ውሃ ውስጥ ከትተው ቀዝቃዛ ቦታ አሳድረው፣ ዋጋውንም ቀንሰው ቢሆን እሺ እንል ነበር። እኛ ግን ለሰርጉ የትኩስ አበባ ዋጋ ከፍለን ያደረ ተቀበልን። ለነገሩ ለልምምድ እውነተኛ አበባ ምን ያደርጋል? የሚለማመዱት አረማመዱን፣ እቅፉ በማን እጅ መቼ እንደሚያልፍ ነው። ሰው ሠራሽ አበባ ወይም የሪባን ጥቅል ይበቃል። ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ «ምርቃት» ከተባላችሁ፣ ማታ ከልምምዱ በኋላ አበባው የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለሰርጉ ቀን የአበባው ዓይነትና የዘንጉ ብዛት ለየብቻ፣ በቁጥር። «ወቅቱ በሚፈቅደው አበባ ይተካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ «በእኛ ፈቃድ» የሚል አስጨምሩበት። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ የሰርጉን አበባ በዓይናችሁ ሳታዩ እንዳትሰጡ። እኛ ልምምዱ አምሮልን በዚያው ማታ ጨርሰን ከፍለናል፤ ጠዋት ላይ የምንይዝበት ቀሪ ክፍያ አልነበረም።

የጽጌረዳዋን ሁለት ፎቶዎች፣ የልምምዱንና የሰርጉን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ልኬለታለሁ። አይቶታል። እስካሁን አልመለሰልኝም።