መንዝና ግሼ አካባቢ ያላችሁ፣ የጠመንጃ መዝጊያ እየለወጠ ከሚዞር ሰው ተጠንቀቁ

ወገኖቼ ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ፣ በተለይ ያባታችሁን ምንሽር በፈቃድ የያዛችሁ። ገበያ ለገበያ እየዞረ የጠመንጃ ዕቃ የሚሸጥ፣ "እዚሁ ገጥሜ እሰጥሃለሁ" የሚል ሰው አለ። የአጎቴ ማውዘር መዝጊያው (ያ ወደኋላ የሚጎተተው ብረት) ተሰብሮበት ነበርና ከሌላ ጠመንጃ የወጣ ገጠመለት፣ ጎተት መለስ አደረገና "ይኸው ሰተት ብሎ ይዘጋል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ" ብሎት ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ከዛ አንድ ሌሊት ጅብ በጎቹ ላይ ሲመጣበት አጎቴ ተኮሰ፣ እሳቱ በኋላም ወጣ። ጉንጩና ቅንድቡ ተቃጠለ፣ ፍንጣሪ ዓይኑ ሥር ገባ፣ ዓይኑን ያተረፈለት እግዜር ነው።

ጠዋት ስንከፍተው የወጣው የቀለሁ ቂጥ ብቻ ነው። ዙሪያውን እኩል ተበጥሶ ፊተኛው ግማሽ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ገብቶ ሲቆም ከቆመበት ቦታ እስከ መዝጊያው ፊት ያለው ርቀት ልክ አለው፣ ሄድስፔስ ይሉታል። ርቀቱ ከበዛ ጥይቱ ከኋላው ደጋፊ የለውም፣ ሲተኮስ የቀለሁ ፊት የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል ቂጡ ግን ወደኋላ ይገፋል፣ ነሐሱ ከቂጡ ከፍ ብሎ ይለጠጥና ይበጠሳል፣ የማውዘር ጥይት ግፊት ደግሞ እስከ 3900 ባር ይደርሳል፣ ያ ሁሉ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ነው የሚመጣው። እና ልብ በሉ፣ ሄድስፔሱ የሰፋ ጠመንጃ ከደህናው በላይ ቀሎ ነው የሚዘጋው! ሰተት ማለቱን አይታችሁ እንዳትታለሉ።

የሚለካው በጌጅ ነው፣ በጥይት ፈንታ የሚገባ በልክ የተሠራ የብረት መለኪያ። ሁለት ናቸው፣ ጎ እና ኖጎ። ጥይት ሳይኖር መዝጊያው ተፈታቶ በጣት ብቻ ቀስ ተብሎ ሲገፋ ጎው ላይ መዝጋት አለበት፣ ኖጎው ላይ መዝጋት የለበትም፣ ከዘጋ አይተኮስበትም። ለምሳሌ በኤም ዋን ጋራንድ (የአሜሪካ ጠመንጃ) ጥይት ብትወስዱት ጎው 1.940 ኢንች ነው ኖጎው 1.946፣ ልዩነቱ ሁለት ወረቀት አይሞላም። ይሄንን በዓይን አየሁት የሚል ሰው ውሸታም ነው። በጥይት መሞከርማ ጭራሽ አይታሰብም፣ በተተኮሰ ቀለህም አይለካም።

ጌጅ የሌለው ሰው ግን ቢያንስ ቁጥር ያያል። ከወረራው በፊት ከቤልጅየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ የመጡት ማውዘሮች መዝጊያቸው ፋብሪካ ላይ ለየራሳቸው ተገጥሞ ነው ቁጥር የተመታበት፣ መዝጊያው ላይ ያለውና አካሉ ላይ ያለው ካልገጠመ ወይ በሞረድ ከተፋቀ አትንኩት። ክላሽም ቢሆን መዝጊያው እንደ ካዝና ዝም ብሎ አይቀያየርም።

አስቀድማችሁ ያስለወጣችሁ ካላችሁ በቃ አትተኩሱበት። የተኮሳችሁበት ቀለህ ካለ አውጥታችሁ እዩት፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት መሳይ መስመር ካለው ሊበጠስ ቀርቦ ነው፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ከውስጥ ስትጎትቱት ቦይ ውስጥ ሲገባ ይሰማችኋል። ቀለሁ ደህና መስሎ ቢታያችሁም ባለፈቃድ ጠጋኝ በጌጅ ሳያየው አትመኑት። ያለ ፈቃድ መሸጡ በአዋጅ 1177/2012 ክልክል ስለሆነ ሰውየው ደረሰኝም አይሰጥ፣ ስትፈልጉት ገበያው ላይ አይገኝም።

ደግሞ "አሮጌውን መዝጊያ ስጠኝና ዋጋ ልቀንስልህ" ይላችኋል፣ አጎቴንም ብሎታል። እንዳትሰጡት። ያንን ሞርዶ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰው ጠመንጃ ላይ ነው የሚገጥመው።