ፊልም በፍላሽ ማስጫን ወይስ ከቤተ መጻሕፍት መዋስ?

ባሕር ዳር ፊልም ሲያምረን አብዛኞቻችን ፍላሻችንን ይዘን ማስጫኛ ቤት ነው የምንሄደው። እውነቱን ለመናገር ይመቻል። በትንሽ ብር ቅዳሜና እሁድን የሚያሳልፍ ፊልም ይጫንልሃል፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግህም። ግን ብዙ ጊዜ ለፊልሙ ሠሪ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም፣ ይሄ በተለይ በአገራችን ፊልም ላይ ሲሆን በጣም ያመኛል። የቆየ ዘጋቢ ፊልም ብትጠይቅ ደግሞ የለም።

አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፊልምን እንደ መጽሐፍ በነጻ ያውሳሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅጂ መብት ሕጋቸው፣ ዲስኩን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ቤተ መጻሕፍት ያንኑ ዲስክ እንዲያውስ ስለሚፈቅድ፣ ሠሪው ከሽያጩ ያገኛል፣ ዲስኩ ደግሞ ከቤት ቤት ይዞራል። ወረፋ አለው፤ ዲስክም ይጫጫራል።

እኔ ውሰቱን ነው የምመርጠው። ጣና ዳር ቁጭ ብለው ስለ ፊልም ሥራ የሚያወሩ ስንት ልጆች አሉ፣ ጥሩ ፊልም ደጋግሞ አይቶ መማር ለእነሱ ትምህርት ቤት ነው! ዲስክ ማጫወቻ ያለው ሰው አሁን ጥቂት ስለሆነ፣ እኛ ጋ ቢጀመር የፊልሙን ባለቤት አስፈቅዶ እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማሳየት ይቀላል።